እንግዳው ሳይመለስ ደንቡ ይጻፍ

ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ፣ ለባሕር ዳር ሆስፒታሎች ኃላፊዎች፣ እንዲሁም የውጭ በጎ ፈቃደኞችን ለምታስተናግዱ ማኅበራትና አስጎብኚዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ከውጭ አገር ለበጎ ፈቃድ ሥራ የሚመጡ ሰዎች ሆስፒታሎቻችንን ሲጎበኙ የሚገዙበት አንድ ገጽ ደንብ ጻፉልን። ለክልሉ ሆስፒታሎች ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁን። በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይጻፍ። ጥበቃውም፣ ሜዲካል ዳይሬክተሩም፣ አስጎብኚውም እኩል ይወቁት።

«አሁን የዚህ ጊዜ ነው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ኮሮና መጣ። ጦርነቱ ተከተለ። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ወዲህ ክልላችን ያለበትን ደግሞ እኔ ልነግራችሁ አያስፈልግም። የጣና ጀልባዎች ብዙውን ቀን ታስረው ነው የሚውሉት። በከተማችን ፈረንጅ ማየት ብርቅ ሆኗል። እኔ ግን እንዲህ ያለ ደንብ የሚጻፈው እንግዳ በሌለበት ሰሞን ነው ባይ ነኝ። ሰላም ሲወርድ ሚኒባሶቹ ይመለሳሉ። ያኔ እንግዳ በር ላይ ቆሞ እያለ ስለ ደንብ የሚያወራ ኃላፊ አይገኝም። ይሉኝታ ይይዘናል።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ባሉ የመንግሥት ሆስፒታሎች፣ አብዛኛውን አስተኝቶ ማከሚያ ክፍል ውስጥ ነው። የማንንም ቤት ስም አልጠራም። ያየሁት በአንድ ቤት ብቻ አይደለም፤ ማንም እንዲቀጣልኝም አልፈልግም።

ጉብኝቱን ላላዩ ላስረዳ። ልጆቹ አብዛኞቹ ከሃያ ዓመት ብዙም ያልዘለሉ ናቸው። ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ይመጣሉ። እንግሊዝኛ ያስተምራሉ፣ ከሕፃናት ጋር ይጫወታሉ፣ ችግኝ ይተክላሉ። ቅዳሜ ጢስ አባይ ይሄዳሉ፣ እሑድ ዘጌ ገዳማት። ከሳምንቱ ቀናት በአንዱ ከሰዓት በኋላ ደግሞ «ሆስፒታል ጉብኝት» የሚል ፕሮግራም አላቸው። ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ «የአገሩን ኑሮ ለማወቅ» ይላሉ። ክፋት የለበትም። ብዙዎቹ ቅን ልጆች ናቸው። ከዋርድ (ከአስተኝቶ ማከሚያው ክፍል) ወጥተው ግድግዳ ተደግፈው ሲያለቅሱ ያየኋቸው አሉ።

ሚኒባሱ ሲደርስ ጥበቃው በሩን ብርግድ አድርጎ ይከፍታል። በዚያው ሰዓት ከበሩ ውጭ ማን እንደቆመ ልብ በሉ። ከዘጌ በጀልባ፣ ከሐሙሲትና ከመሸንቲ በሚኒባስ የመጡ ጠያቂዎች ናቸው። ምሳ ቋጥረው፣ አጥሚት በፔርሙስ ይዘው፣ «የጠያቂ ሰዓት አልደረሰም» ተብለው ፀሐይ ላይ ቆመዋል። አንዲት እናት ጥበቃውን «እኛ የወለድነውን ለማየት ሰዓት አለው፤ እነሱ ያልወለዱትን ለማየት ሰዓት የለውም?» ስትለው ሰምቻለሁ። ጥበቃው መልስ አልነበረውም። ምን ይበል? የታዘዘውን ነው የሚሠራው።

ከዚያ ጋውን ይታደላል። ይሄ ነገር ከሁሉም በላይ ያበሳጨኝ ነበር፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ጋውኑን የሚሰጧቸው የእኛው ሰዎች ናቸው። «ለንጽሕና ነው» ይባላል። አልጋ ላይ ላለው ሰው ግን ነጭ ጋውን የለበሰ ፈረንጅ ማለት ሐኪም ነው፤ ያውም ትልቁ ሐኪም። አንድ ጊዜ ከጣና ማዶ፣ ከደምቢያ በኩል የመጡ አዛውንት ነበሩን። ሆዳቸው ውኃ ቋጥሮ ተነፍቷል። ታሪካቸውን ለተለማማጁ ሐኪም ለኢንተርኑም፣ ስፔሻሊቲ ለሚማረው ሐኪም ለሬዚደንቱም፣ ለእኔም ነግረው ጨርሰዋል። ጉብኝቱ መጣ። አንዲት ልጅ አልጋቸው አጠገብ ቆመች። በኋላ እንደሰማሁት የሥነ ሕንፃ ተማሪ ነች። አባባ ቀና ብለው ተቀመጡ። ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ሆዳቸውን አሳዩዋት። ከመጀመሪያው ጀምረው አንድ በአንድ ነገሯት፤ መቼ እንደጀመራቸው፣ የትኛው ጠበል እንደሄዱ፣ በሬያቸውን ለሕክምና እንደሸጡ። ልጅቷ ደነገጠች። እጃቸውን ያዝ አድርጋ አንድ ነገር አለች። አስጎብኚው «ደህና ይሆናሉ እያለችዎት ነው» ብሎ ተረጎመ።

በማግሥቱ ጠዋት የሆዳቸው ውኃ ሊቀዳ ነበር። አባባ እንቢ አሉ። «ያቺ ሐኪም ደህና ትሆናለህ ብላኛለች። መድኃኒቱን ይዛ እስክትመጣ መርፌ አልወጋም።» ኢንተርኑ ለመናቸው። እኔም ለመንኳቸው። ልጃቸው ከገበያ ስልክ ተደውሎለት መጥቶ ለመናቸው። ሐኪም አይደለችም ስንላቸው እኛን ነው የጠረጠሩት። «ታዲያ ሐኪም ካልሆነች ለምን ሆዴን አሳያችኋት?» አሉ። እስከ ማታ አልተቀዳላቸውም። ያን ሁሉ ሰዓት በጭንቅ እየተነፈሱ ዋሉ።

የእሳቸውን ጥያቄ ለእናንተ አስተላልፌዋለሁ።

ፈቃድ ጠይቀናል የሚል ሰው አይጠፋም። እንዴት እንደሚጠየቅ ደግሞ እኔ ልንገራችሁ። ዳይሬክተሩ እንግዶቹን አስከትሎ ይገባል። አልጋው ራስጌ ቆሞ «እናቴ፣ እነዚህ እንግዶች ቢያዩዎት ይከፋዎታል?» ይላል። የገጠር እናት ተኝታ፣ ስድስት ሰው ቆሞባት፣ ነገ መድኃኒት የሚያዝላትን ሰው ፊት ለፊት እያየች «አዎ ይከፋኛል» ትላለች? «እሺ» ትላለች። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ ታደርጋለች። ነጠላዋ መልሱን ነግሮናል፤ እኛ ግን አንሰማም።

ፈቃድ ከተጠየቀ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ነው መጠየቅ ያለበት። እንግዳው በሌለበት፣ የምታውቃት ነርስ ብቻዋን ቀርባ ትጠይቃት። «አይሆንም» ያለች ታካሚ ምንም እንደማይቀርባት ይነገራት። ከክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው እንኳን እንቢ ካለ ወደዚያ ክፍል አይገባም። ይሄ ብዙ ሥራ አይደለም። የማታ ተረኛ ነርስ መድኃኒት ስታድል ልትጨርሰው ትችላለች።

ማዋለጃ ክፍልን ደግሞ ለብቻው ላንሳው። እኛ ዘንድ አራስ ቤት ዝም ብሎ አይገባም። ወንዱ እስከ አርባ ቀን፣ ሴቷ እስከ ሰማንያ ቀን ክርስትና እስክትነሳ ድረስ ሕፃን ለማያውቁት ሰው አይገለጥም። ዓይን ይፈራል። እናንተ በዓይን ማመን አለማመናችሁ ሌላ ጉዳይ ነው። እናትየው ታምናለች። የእንግዶቹ የመጀመሪያ ጥያቄ ግን «ልያዘው?» ነው። አዋላጇ ፈገግ ብላ ታሳቅፋቸዋለች። እናትየው የዚያን ለሊት እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ሕፃኑ ማግሥቱን ቢያስለው ምክንያቱን ማን ላይ እንደምታደርግ ግልጽ ነው። ከዓይኑ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የእንግዳው ጉንፋን ነው። መደምደሚያችን ግን አንድ ነው፤ ሕፃኑ አይነካ። ያለ ቀኑ የተወለዱ ሕፃናት ያሉበት ክፍል ጭራሽ አይታሰብ። የቲቢ ክፍልም እንደዚያው፤ እዚያ ደግሞ የሚፈራው ለእንግዳው ነው።

ስልክ። አገራችን በዚህ ላይ ሕግ የላትም የሚል ካለ ተሳስቷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 24 የሰውን ክብር፣ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወቱን ይጠብቃል። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል መድቦታል። በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን ፎቶ ስሙ ባይጻፍበትም የጤና መረጃ ነው። ፊቱ አለ፣ አልጋው አለ፣ እናቱ አጠገቡ አለች። ልጁ አድጎ ትምህርት ቤት ሲገባ ፎቶው የሆነ ሰው ገጽ ላይ ገና አለ። ስለዚህ ስልክ ጥበቃው ጋ ይቀመጥ። «ለማስታወሻ አንድ ብቻ» የሚል ልመና ቢመጣ ከሕንፃው ውጭ፣ ዛፉ ሥር፣ ከሠራተኛው ጋር ይነሱ። እኛም ደስ ይለናል፤ በሥራ ዘመናችን ማንም ፎቶ አንስቶን አያውቅም።

የአስተርጓሚውም ነገር አለ። አስጎብኚዎቻችን ጎበዝ ልጆች ናቸው። የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕል አንድ በአንድ ይተነትኑታል። የዋርድ ምስጢር ግን አልተማሩም። እንግዳዋ «ምን ሆና ነው?» ብላ በእንግሊዝኛ ትጠይቃለች። ልጁ ዞር ብሎ በአማርኛ ጮክ ብሎ ነርሷን ይጠይቃል። ነርሷ ካመነታች ከአልጋው እግርጌ የተሰቀለውን ካርድ ራሱ ያነባል። አጠገብ ያለው አልጋ ላይ የተኛችው የታካሚዋ የቀበሌ ሰው ናት። ከዚህ በኋላ ያለውን እናንተ ጨርሱት። በደንቡ ላይ የአንድም ታካሚ ሕመም ለእንግዳ አይነገርም ተብሎ ይጻፍ። ስለ በሽታዎች ማወቅ ከፈለጉ ስብሰባ አዳራሽ ቁጭ አድርጎ ስለ ወባ፣ ስለ ካላዛር፣ ስለ ትራኮማ የሚያስረዳ ሐኪም መመደብ ይቻላል። ሰው ሳያስቸግሩ የሚማሩት ብዙ ነገር አለ።

ሰው ሁሉ ጥፋቱን በፈረንጅ ላይ ማላከክ ይወዳል። እኔ አልስማማም። በሩን የምንከፍተው እኛ ነን። ወደ የትኛው ክፍል እንደሚገቡ የምንመርጠውም እኛ ነን። የምንመርጠው ደግሞ ሆን ብለን ነው። የተሻለውን ክፍል አናሳያቸውም። የተቃጠለው ልጅ ያለበትን፣ አልጋ ጠፍቶ መሬት ላይ የተኙበትን እናሳያለን። ልባቸው እንዲነካና አንድ ነገር እንዲልኩልን። አመራሩን አልፈርድበትም፤ በጀቱ ምን እንደሚመስል ጓንት ስቆጥር ያደርኩ ሰው ነኝ። ቢሆንም የታካሚው ገመና የእርዳታ መጠየቂያ ማመልከቻ መሆን የለበትም። ችግራችሁን በወረቀት ጻፉት። ቁጥር አላችሁ፣ ሪፖርት አላችሁ፣ የመሣሪያ ዝርዝር አላችሁ። ያንን ስጧቸው።

አሁን ከጎብኚዎቹ ጋር መቀላቀል የሌለባቸውን ልለይ። በዩኒቨርሲቲ በኩል ተመዝግበው፣ አስተማሪ ተመድቦላቸው ለልምምድ የሚመጡ የሕክምና ተማሪዎች ሌላ ናቸው። ጊዜያዊ የሙያ ፈቃድ አውጥተው ለዓይን ወይም ለከንፈር መሰንጠቅ ቀዶ ሕክምና የሚመጡ ሐኪሞችም ሌላ ናቸው። የእነሱ ሥራ መንገድ አለው። እኔ የምለው ምንም የሕክምና ትምህርት ሳይኖረው «መርፌ ልሞክር?» ስለሚለው ልጅ ነው። አለ እኮ! አገሩ ሄዶ የሕክምና ትምህርት ቤት ሲያመለክት እንዲጠቅመው ቁስል ማጠብ፣ ደም መቅዳት፣ ምጥ ላይ ያለች ሴት መመርመር የሚፈልግ አለ። ከእኛም ውስጥ «ይሞክር፣ ምን ችግር አለው» የሚል አለ። ችግሩ ቀላል ነው። በአገሩ ቢሆን አይፈቀድለትም።

ከውጭ የሚመጣ ሰው አይጠቅምም እያልኩ እንዳይመስላችሁ። የጤና ታሪካችን ራሱ እማኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ከጣና በስተሰሜን ባለው በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ብዙ ሰው ጨረሰ። በዓመቱ፣ በ1954፣ ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት አግዘዋል። ከውጭ የመጡት ሰዎች እዚያ ያደረጉት ማስተማር ነው። የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና ሳኒተሪያኖች (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎች) በቡድን ሠልጥነው ገጠር ወረዱ። ዛሬ በየጤና ጣቢያው ያለው ሠራተኛ ዘሩ ከዚያ ይመዘዛል።

ወደ ራሳችን ከተማ እንምጣ። ሬጅናልድና ካትሪን ሃምሊን የተባሉት ባልና ሚስት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ የመጡት ለሦስት ዓመት ውል ነበር። የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ሊያቋቁሙ። ሦስቱ ዓመት አላበቃም። በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። ካትሪን በ2020 በ96 ዓመታቸው ያረፉት እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ባሕር ዳር ላይ ያለው የፊስቱላ ማዕከል ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በምጥ ተጎድታ ሽንቷን መቆጣጠር ያቃታት፣ ሰው የሸሻት የጎጃም ሴት ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ቀረላት። ታካሚ ሆና ገብታ፣ እዚያው ሥራ ለምዳ፣ ቀዶ ሐኪም እስከመሆን የደረሰችውን ማሚቱ ጋሼንም ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። እነዚያ ሐኪሞች ትተውት የሄዱት የሚሠራ እጅ ነው።

ሁሉም ስድሳ ዓመት ይቀመጥ አልልም። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የመጡት የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ሁለት ዓመት ነበር የሚቆዩት። አማርኛ ይለምዱ ነበር። በሁለት ሳምንት ያንን ማንም አይጠብቅም። በሁለት ሳምንት ግን ሁለት ሳምንት የሚመጥን ሥራ መሥራት ይቻላል።

ለምሳሌ ሻንጣው። እንግዶቹ ባዶ እጃቸውን አይመጡም፤ ይሄ ይመሰገናል። የሚያመጡትን ግን ማንም አስቀድሞ አይነግራቸውም። የስኳር መለኪያ ያመጣሉ፤ ከሃምሳ ስትሪፕ (ደም ከሚነካበት የመመርመሪያ ወረቀት) ጋር። ስትሪፑ በሳምንት ያልቃል፤ የዚያ ዓይነት ስትሪፕ ደግሞ ባሕር ዳር አይሸጥም። መሣሪያው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ለ120 ቮልት የተሠራ የአሜሪካ ሞኒተር ያመጣሉ። የእኛ መብራት 220 ነው። ሳያስተውል የሰካው ሰው ጭሱን አይቷል። መድኃኒት ያመጣሉ፤ ሁለት ወር የቀረው፣ ጽሑፉ በማናነበው ቋንቋ የተጻፈ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው መመሪያ በእርዳታ የሚሰጥ መድኃኒት አገር ውስጥ ሲገባ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዕድሜ እንዲኖረው፣ ጽሑፉም ተቀባዩ ባለሙያ በሚያውቀው ቋንቋ እንዲሆን ይላል። ደግሞም መድኃኒት ያለ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑ ፈቃድ በሻንጣ አይገባም። ሆስፒታሎቹ የሚፈልጉትን በየሦስት ወሩ ጽፈው ለአስተናጋጅ ማኅበራቱ ቢልኩ ይሄ ሁሉ ይቀራል። ዝርዝሩን የሚጽፈው ዳይሬክተሩ አይሁን። የባዮሜዲካል ባለሙያውና የፋርማሲው ኃላፊ ይጻፉት። የተበላሸው ማሽን ምን ዕቃ እንደጎደለው የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ብርም አለ። ልጅቷ አዝና አራት መቶ ብር አውጥታ አንዷን ታካሚ ታስጨብጣለች። በዚያው ክፍል ሌሎች አምስት ሴቶች አሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ኩርፊያ የምናበርደው እኛ ነን። አንዷ «የእኔ ቁስል አላማረም መሰለኝ» ብላ ስታስቀን ሌላዋ ግን እስክትወጣ ድረስ አላናገረቻትም። ገንዘብ የሚሰጥ ሰው በደረሰኝ ለሆስፒታሉ ይስጥ፤ ለአቅመ ደካሞች ተብሎ ይያዝ።

ገንዘቡ ምን ላይ ቢውል ጥሩ ነው ካላችሁኝ፣ አስታማሚው ላይ እላለሁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን የታካሚውን ሕክምና ይሸፍናል። የአስታማሚውን እንጀራ አይሸፍንም፤ አዳሩንም አይሸፍንም፤ የጀልባና የመኪና ሒሳቡንም አይሸፍንም። የእኛ ሆስፒታል ደግሞ ያለ አስታማሚ አይሄድም። የሚያጥበው፣ የሚያገላብጠው፣ የሚያጎርሰው፣ ናሙና ይዞ ላብራቶሪ የሚሮጠው እሱ ነው። ማታ በረንዳ ላይ ካርቶን አንጥፎ ይተኛል። ክረምት ላይ ጣና በኩል የሚመጣው ዝናብ ጎን ለጎን ነው የሚመታው፤ በረንዳ አያስጥልም። ለነፍሰ ጡሮች በየጤና ጣቢያው ማቆያ ቤት ተሠርቷል። ለአስታማሚ ምን አለ? ዐሥር አልጋ፣ አንድ ማብሰያ፣ ሁለት ሽንት ቤት ያለው ቤት የሚሠራ ማኅበር ካለ ሳር ቤትም ቢሆን እኔ ራሴ ጭቃ ለማቡካት እመጣለሁ። ችግኝ ከሚተክሉት ልጆች ብዙዎቹ ጉልበት አላቸው። ይሄ ለእነሱ የተመቸ ሥራ ነው።

ታዲያ ሆስፒታል አይዩ ወይ? ይዩ። የልብስ ማጠቢያውን ይዩ። የአንድ ቀን አንሶላ ምን ያህል እንደሆነ አይተው ይደነቁ። የኦክስጅን ሲሊንደር ከመኪና ሲወርድ ያግዙ። ካርድ ክፍል ገብተው ከጠዋት ሰልፍ ጋር የሚታገለውን ልጅ ያናግሩት። የተሰበሩ መሣሪያዎች የተከመሩበትን መጋዘን ይዩ፤ ከላይ ያወራሁላችሁ ሻንጣ መጨረሻው እዚያ ነውና። ከነርሶች ጋር ቡና ይጠጡ። እንግሊዝኛ ማስተማር ለሚወዱት ደግሞ ሠልጣኞቻችን እንግሊዝኛ የሚለማመዱበት ሰው ይፈልጋሉ።

የግድ ታካሚ መጠየቅ የሚፈልግ ካለ እንደ እኛ ይጠይቅ። ጋውን ሳይለብስ፣ በጠያቂ ሰዓት፣ ፈቃዷን ለሰጠች አንዲት ታካሚ፣ አንድ ወይ ሁለት ሆነው። ብርቱካን ይዘው። ወንበር ላይ ቁጭ ብለው። «እግዚአብሔር ይማርዎ» ማለት አስተምሯቸው፤ ከባድ አይደለም። ከሩብ ሰዓት በላይ አይቆዩ። እንዲህ አድርገው የጠየቁ አንድ ሁለት ልጆች ገጥመውኛል። ታካሚዋ ለወራት ስታወራላቸው ነበር።

ለአስተናጋጆቹ የግል ምክር ልጨምር፤ ከደንቡ ጋር አይገናኝም። ልጆቹን ጣና ውስጥ አታዋኟቸው። ዳርቻው ላይ ቢልሃርዚያ አለ። ሕመምተኛ ሊጠይቅ መጥቶ በወሩ በአገሩ የቢልሃርዚያ መድኃኒት ፕራዚኳንቴል የሚውጥ እንግዳ ለስማችንም ጥሩ አይደለም። ዓሣ አጥማጆቻችንና የዳርቻው ልጆች ግን ያንን ውኃ ሳይነኩ መኖር አይችሉም። ለእነሱ መድኃኒቱ በየጊዜው እንዲደርስ ማሳሰብ የጤና ቢሮው ሥራ ነው፤ በዚህ አጋጣሚ አስታውሻለሁ።

ደንቡን ማን ያርቅቀው? ኮሚቴ አታብዙበት። ጤና ቢሮው አንድ ሰው ይመድብ። ያ ሰው የዋርድ ነርሶችን፣ ጥበቃዎችን፣ አስጎብኚዎችንና በረንዳ ላይ ያሉትን አስታማሚዎች ይጠይቅ። ታካሚ የነበሩ ሰዎችንም ይጥራ። ረቂቁ ሲያልቅ ለሆስፒታሎቹ ቦርዶች ይሂድ። ጥሶ የተገኘ አስተናጋጅ ማኅበር ቀጣዩን ቡድን ይዞ እንዳይገባ ይከልከል፤ ሌላ ቅጣት አያስፈልግም። በሩ ላይ ያለው ጥበቃም «አይቻልም» ሲል ቢሮ ተጠርቶ የማይቆጡት መሆኑ በጽሑፍ ይረጋገጥለት። ይሄ ካልተጻፈ የቀረው ሁሉ ወረቀት ነው።

መልሳችሁን እጠብቃለሁ። የሚያግዝ ሰው ከተፈለገም አለሁ። ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነኝ፤ ከሰዓት በኋላ በማንኛውም ቀን ብትጠሩኝ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር

አንዲት ጡረተኛ ነርስ፣ ባሕር ዳር